ውሃው ይፈላል፣ ባቄላው ግን አይበስልም

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ እህቶችና ወንድሞች፣ የእግር መንገድ ጓደኞቼ፤ እንደምን ዋላችሁ?

የቅዳሜ ከሰዓታችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከኋላ ያላችሁ ይሰማችኋል? ጥሩ። እዚህ ከፊት ባዶ ወንበር አለ። የቆማችሁ ኑ፣ ተቀመጡ።

አዘጋጆቹ ሲደውሉልኝ "ደስ ያለሽን ነገር አውሪን" አሉኝ። እኔ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምራለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት ሆነኝ። በእነዚህ ዓመታት ከመጽሐፍ ያገኘኋቸው ጥያቄዎች ብዙ ናቸው። ልቤ ውስጥ የቀሩት ግን ሰው የጠየቀኝ ናቸው።

አንድ ቀን አንድ ልጅ ምሳ ዕቃውን ከፍቶ፣ "ቲቸር፣ የእንጀራ ዓይን ከየት ነው የሚመጣው?" አለኝ። ዕድሜዬን ሙሉ እንጀራ በልቻለሁ። ጋግሬያለሁ። ጠይቄ ግን አላውቅም። ሊጡ ሲቦካ በውስጡ ያሉት በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ነፍሳት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣሉ። ሊጡ የጋለ ምጣድ ላይ ሲፈስ ያ አየር ይሰፋል፤ ወደ ላይ ይገፋል፤ ይፈነዳል። ቀዳዳው ሳይዘጋ ሊጡ ይደርቃል። ዓይን ሆነ ማለት ነው። አክንባሎው ሳይከደን ጎንበስ ብላችሁ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ከዳር ይጀምራል። ቀድሞ የፈሰሰው ቀድሞ ዓይን ያወጣል። ከዚያ እየተከታተለ ወደ መሃል ይገባል። እኔ ያንን ልጅ ባላገኝ ኖሮ ይህንን ሳላይ እሞት ነበር።

ዛሬ አራት ነገር ይዤ መጥቻለሁ። አንደኛው ስለ ድስት ነው። ሁለተኛው ስለ ድንጋይ፤ ያውም ሰማይ ላይ ስላለ ድንጋይ። ሦስተኛው ስለ ቀበሮ። አራተኛው ስለ ጨረቃ። አራቱን የሚያገናኛቸው አንድ ነገር ብቻ ነው። ብቻዬን ብሆን አንዱንም አልጠይቅም ነበር። አጠገቤ ሰው ስለነበረ ነው የጠየቅሁት።

እንግዲህ ወደ ድስቱ።

በኅዳር አጋማሽ ሰባት ሆነን ወደ መንዝ ጓሳ ሄድን። ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ደብረ ብርሃንን አልፎ፣ ጣርማ በር ላይ ዋናውን አስፋልት ትቶ ወደ ግራ ነው። ቦታው ከ3,200 ሜትር በላይ ነው። ጉልበት የሚደርስ የጓሳ ሣር፣ እዚህም እዚያም ጅብራ፣ ከዚያ ወዲያ ሰማይ ብቻ።

ከሰባታችን አንዷ የልጅነት ጓደኛዬ ነበረች። ከዋሽንግተን ለአንድ ወር መጥታ ነው። በአንድ ግቢ ነው ያደግነው። ከተዋወቅን ሠላሳ አንድ ዓመት ሆነን። ምን ይዘን እንሂድ ስንባባል፣ "የባቄላ ንፍሮ" አለች። "ተራራ ላይ ተቀምጬ፣ በርዶኝ፣ ትኩስ ንፍሮ" አለች። እንግዳ እኮ ናት፤ ማን እምቢ ይላታል? ባቄላውን ከዋዜማው ዘፍዝፈን ይዘን ወጣን።

ድንኳኑን ተከልን። ዐሥር ሰዓት ላይ ድስቱን ቡታጋዝ ላይ ጣድነው። ቶሎ ፈላ። ደስ አለን። ዐሥራ አንድ ሰዓት ሆነ፤ ይፈላል። ዐሥራ ሁለት ሰዓት ሆነ፤ ይፈላል። ክዳኑ ይንቀጠቀጣል፣ እንፋሎቱ ይወጣል። አንዷን ባቄላ በማንኪያ አውጥቼ በሁለት ጣቴ ጫን አልኳት። ልጣጯ ሸርተት አለ። ውስጧ ድንጋይ ነው። እሳቱን ጨመርን። ውሃው ይበልጥ ተንተከተከ። ባቄላው ግን ያው።

አንድ ሰዓት ላይ ጨለመ። ብርዱ ገባ። የራበው ሰው ፊት ታውቃላችሁ።

ከአካባቢው ሰው የሆኑ፣ ጥብቅ ሥፍራውን የሚጠብቁ አባት አብረውን ነበሩ። "ጋሽዬ" ነበር የምንላቸው። ዝም ብለው ሲያዩን ቆይተው እንዲህ አሉ፦ "አዬ ልጆቼ! እዚህ አገር ውሃ ቶሎ ይፈላል። ቶሎ የሚፈላ ደግሞ አያበስልም።"

ጓደኛዬ ወደ እኔ ዞረች። "አንቺ ፊዚክስ አይደለም እንዴ የምታስተምሪው? ለምንድን ነው?" አለችኝ።

ለምንድን ነው? ይህንን ሰሌዳ ላይ ስንት ጊዜ ጽፌዋለሁ! ተርቤ ድስት ፊት ስቆም ግን ሌላ ነገር ሆነብኝ። አየር ክብደት አለው። በላያችን ላይ ተቆልሎ ይጫነናል። ድስቱ ውስጥ ያለውንም ውሃ ይጫነዋል። ውሃ ፈላ የምንለው እንፋሎቱ ያንን ጭነት መግፋት ሲችል ነው። ባሕር ጠረፍ ላይ ጭነቱ ሙሉ ነው፤ ውሃ የሚፈላው 100 ዲግሪ ሲደርስ ነው። አዲስ አበባ ወደ 2,350 ሜትር ከፍታ ላይ ነች። እዚህ ጭነቱ በሩብ ያህል ቀንሷል፤ ውሃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ጓሳ ላይ ጭነቱ በሲሶ ያህል ቀንሷል፤ ውሃ 89 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። ራስ ዳሸን ጫፍ ላይ ብትወጡ 85 ይሆናል።

አሁን ልብ በሉ። ባቄላን የሚያበስለው ፍላቱ አይደለም። ሙቀቱ ነው። ደግሜ ልበለው፤ ፍላቱ አይደለም፣ ሙቀቱ ነው። ውሃ አንዴ ከፈላ በኋላ እሳት ብትጨምሩበት አይሞቅም። የጨመራችሁት እሳት እንፋሎት ሆኖ ይሄዳል። እኛ ሦስት ሰዓት ሙሉ ያንን ስናደርግ ነበር። ቡታጋዛችንን ወደ ሰማይ ስንልከው ነበር።

ከድሬዳዋ የምትመጣ አክስት ነበረችኝ። አዲስ አበባ በመጣች ቁጥር፣ "የእናንተ ምስር ምን ሆኖ ነው እንዲህ የሚዘገየው?" ትል ነበር። እናቴ ይከፋት ነበር፤ በባልትናዋ የመጣባት ይመስላታል። ለካ ሁለቱም እውነት ነበራቸው። ድሬዳዋ ወደ 1,200 ሜትር ናት። እዚያ ውሃ 96 ዲግሪ ደርሶ ነው የሚፈላው። አራት ዲግሪ ትንሽ ትመስላለች። ለምስር ግን ትንሽ አይደለችም። ፕሬሸር የምንለው ድስት የሚሠራውም ለዚህ ነው። እንፋሎቱን አፍኖ፣ የጎደለውን የአየር ጭነት ይመልስለታል። እናቴ ይህንን ሳልነግራት ነው ያረፈችው። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ወደ ጓሳ ልመልሳችሁ። ጋሽዬ ከትከሻቸው ትንሽ ስልቻ አወረዱ። በሶ ነው። ውሃ ጠብ አደረጉበት፤ ጨውና በርበሬ ነሰነሱበት፤ በመዳፋቸው ጨበጡት። የጣቶቻቸው ምልክት እላዩ ላይ ታትሞ ቀረ። ለእያንዳንዳችን አንድ አንድ እንክብል ሰጡን።

ሁላችንም ልጅ ሆነን "አበበ በሶ በላ" ብለን ማንበብ ተምረናል። እኔ ግን በሶ ምን ያህል ብልህ ምግብ እንደሆነ ያወቅሁት ያን ማታ ነው። ለምን? በሶ የተቆላ ገብስ ነው። ሲቆላ ውሃ የለበትም። ውሃ ከሌለ ደግሞ 89 ዲግሪ ላይ ተይዞ መቅረት የለም። ምጣድ ከ100 ዲግሪ በላይ ይግላል፤ ቆላም ቢሆን፣ ደጋም ቢሆን፣ ውርጭ ላይም ቢሆን። ከፍታ ድስትን ያሸንፋል። ምጣድን አያሸንፍም። ቆሎን፣ በሶን፣ ዳቦ ቆሎን አስቡ። የመንገደኛ ስንቅ የምንላቸው ሁሉ ምጣድ ወይም ዘይት ያየ ነገር ነው። አባቶቻችን ቴርሞሜትር አልነበራቸውም። በእኔ እምነት ግን ይህንን በእጃቸው ያውቁት ነበር። ቀጥሎ ለጉዞ ስንወጣ ምን እንደምንይዝ ከእንግዲህ የምንከራከር አይመስለኝም!

እንግዲህ ወደ ሁለተኛው ነጥብ፣ ወደ ድንጋዩ።

በሶውን በልተን፣ ጋቢ ደርበን፣ ሣሩ ላይ ተጋደምን። ጨረቃ የለችም። መብራት የለም። እናንተ ሆይ፣ እንዲህ ያለ ሰማይ ካያችሁ ስንት ጊዜ ሆናችሁ? ፍኖተ ሐሊብ የሚባለው የከዋክብት ጎዳና ከዳር እስከ ዳር ተዘርግቷል። አዲስ አበባ ላይ የመንገዱ መብራት ይጋርደዋል። ያለ እንኳ አይመስለንም።

ጓደኛዬ ለረጅም ጊዜ ዝም ብላ ስታይ ቆየች። ከዚያ እንዲህ ብላ ጠየቀችኝ፦ "ከእነዚህ ሁሉ ውስጥ የእኛ ስም ያለው አለ?"

አለ! በዓይን ግን አይታይም።

ሉሲን ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. አፋር ውስጥ፣ ሃዳር ላይ ተገኘች። በእኛ አጠራር ድንቅነሽ ናት። 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሆኗታል። ናሳ ጥቅምት 6 ቀን 2014 ዓ.ም. አንዲት መንኮራኩር ሲያመጥቅ ስሟን ሉሲ አላት፤ በእሷው ስም። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ሉሲ የሰው ልጅ ከየት እንደመጣ ነገረችን። መንኮራኩሯ ደግሞ ሥርዓተ ፀሐይ ከየት እንደመጣ እንድትነግረን ተላከች። ፕላኔቶች ሲሠሩ የተረፉ ድንጋዮችን፣ አስትሮይድ የሚባሉትን፣ እየዞረች ታያለች።

በመንገዷ ላይ፣ በማርስና በጁፒተር መካከል፣ አንዲት ትንሽ አስትሮይድ አለች። ስም አልነበራትም፤ ቁጥር ብቻ ነበራት። መንኮራኩሯ በአጠገቧ እንድታልፍ ሲወሰን ስም አስፈለጋት። ምን ተባለች? ድንቅነሽ! ከባሕር ማዶ ያሉ ሳይንቲስቶች በእኛ ቋንቋ ጠሯት። ሉሲ ድንቅነሽን ልታይ ሄደች ማለት ነው።

ጥቅምት 21 ቀን 2016 ዓ.ም. ደረሰች። በሰከንድ 4.5 ኪሎ ሜትር እየበረረች ነው። በዚህ ፍጥነት ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን ግማሽ ደቂቃ አይሞላም። 430 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ አለፈች፤ ፎቶ አነሳች። ድንቅነሽ ወደ 720 ሜትር ስፋት አላት። በእግር ዐሥር ደቂቃ ብትሆን ነው።

ፎቶው ሲመጣ ምን ታየ መሰላችሁ? ብቻዋን አይደለችም! ከጎኗ ሌላ ትንሽ ድንጋይ አለ። የምትዞራት ትንሽ ጨረቃ አለቻት። ሳይንቲስቶቹ ከሳምንታት በፊት ብርሃኗ ከፍ ዝቅ ሲል አይተው ጠርጥረው ነበር፤ እርግጠኛ ግን አልነበሩም። ታሪኩ ገና አላለቀም። መንኮራኩሯ አልፋ ሄዳ ዞር ብላ ያነሳቻቸው ፎቶዎች ደግሞ መጡ። ትንሿ ድንጋይም አንድ አይደለችም። ሁለት ናቸው። እያንዳንዳቸው ወደ 220 ሜትር የሚሆኑ ሁለት ድንጋዮች ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው፣ ተነካክተው፣ አብረው ድንቅነሽን ይዞሯታል። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ነገር ታይቶ አያውቅም ነበር።

ስሟን ሰላም አሏት። ሰላም ደግሞ አፋር ውስጥ፣ ዲኪካ ላይ አፅሟ የተገኘው ሕፃን ናት። ስትሞት ዕድሜዋ ሦስት ዓመት ገደማ ነበር። አንዳንዶች የሉሲ ልጅ ይሏታል፤ ይህ ግን ስህተት ነው። ሰላም 3.3 ሚሊዮን ዓመቷ ነው። ልጅ ብትሆንም ከሉሲ ትቀድማለች።

ይህንን ሁሉ ተጋድሜ አወራሁ። ጓደኛዬ መልስ አልሰጠችም። ተኛች ብዬ ነበር። ከዚያ በቀስታ፣ "ብቻዋን መስላቸው ነበር አልሽኝ?" አለች።

"አዎ" አልኳት።

አሜሪካ የሄደች ሰሞን የሌሊት ፈረቃ ትሠራ ነበር። ያኔ ስልክ ውድ ነው። ደብዳቤ ነበር የምንጻጻፈው። "ደህና ነኝ" ብላ ነበር የምትጽፍልኝ። ያን ማታ ጓሳ ላይ ደህና እንዳልነበረች ነገረችኝ። አምስት ወር ሙሉ ከሥራ ባልደረቦቿ በቀር ከማንም ጋር ሳትነጋገር ያሳለፈችበት ክረምት ነበር። ሃያ ዓመት አልነገረችኝም ነበር። ከዚያ በላይ አላወራንም። ጋቢውን ወደ እሷ ሳብ አደረግሁላት።

ሌሊቱ በጣም በረደ። ጠዋት ስንነሳ ድንኳኑ ነጭ ሆኗል። በጄሪካኑ አፍ ላይ ስስ በረዶ ተጋግሯል። እናቴ ማታ ወጥታ ሰማዩን አይታ፣ "ጠርቷል፣ ዛሬ ይበርዳል፤ ብርድ ልብስ ጨምሩ" ትል ነበር። ገበሬውም ውርጭ መምጣቱን በዚሁ ነው የሚያውቀው። ምድር ቀን የሞቀችውን ሌሊት ወደ ሰማይ ትመልሳለች። ደመና ካለ እንደ ጋቢ ሆኖ የተወሰነውን ይመልስላታል። ከሌለ ሙቀቷ ዝም ብሎ ይሄዳል። ኮከቡ ደምቆ ያየንበት ምክንያትና የበረደን ምክንያት አንድ ነበር።

ሦስተኛው ነጥብ የቀበሮው ነው።

ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ከገደሉ ወጡ። ሌሊት ገደል ላይ ነው የሚያድሩት። በመቶ የሚቆጠሩ ናቸው። ቁጢጥ ብለው ሣር ይነጫሉ። ድምፁን ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ብዙ ሰው በአንድ ላይ አረም የሚነቅል ይመስላል። ሁለት እንስቶች ትይዩ ተቀምጠው ነበር። አንዷ የሌላዋን የክንድ ፀጉር በጣቶቿ እየከፈለች ታያለች፣ ታነሳለች፣ ታፀዳለች። የምትፀዳዋ ዓይኗን ጨፍናለች። ጭላዳ ይህንን ለሁሉም አያደርግም፤ ለጥቂት የቅርብ ወዳጆቹ ነው። ፀጉር የሚሠራሩ ጎረቤታሞችን አሰብኩ።

ከዚያ ጋሽዬ ክንዴን ነካ አደረጉኝ። በከንፈራቸው ጠቆሙኝ። ቀይ ቀበሮ!

በዓለም ላይ ከ500 አይበልጡም። ሁሉም እኛ አገር ናቸው። እሱ ደግሞ ከጭላዳዎቹ መሃል ነው። ቀስ እያለ፣ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ይራመዳል። ግልገል ያቀፈች ጭላዳ አጠገብ አለፈ። ቀና ብላ አየችው፤ ወደ ሣሯ ተመለሰች። ውሻ ቢሆን ኖሮ መንጋው ሁሉ እየጮኸ ወደ ገደሉ በሮጠ ነበር። እሱን ግን ዝም አሉት። ቆም አለ። ጆሮዎቹን ወደ ፊት አደረገ። ዘለለ። አይጥ ያዘ።

ይህንን እዚያው ጓሳ ላይ ያጠኑ ሰዎች አሉ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2015 ታትሟል። ቀበሮው ብቻውን ሲያድን ከአራት ሙከራ አንዱ ይሳካለታል። ከጭላዳዎቹ ጋር ሲሆን ግን ከሦስቱ ሁለቱ! ምናልባት ጭላዳዎቹ ሲግጡ አይጦቹን ይረብሹለታል። ምናልባትም አይጦቹ ከመንጋው መሃል እሱን ለይተው አያዩትም። ግልገል አይነካም ማለት ይቻላል። ቢነካ አብሮነቱ ያበቃል። ተማምነዋል።

እስኪ ንገሩኝ፣ እነዚህ እንስሳት ለምን እዚያ ተረፉ? ሌላው ደጋ ሁሉ ሲታረስ ጓሳ ለምን ቀረ? የመንዝ ሰው ስለጠበቀው ነው። ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቀሮ የሚባል ሥርዓት ነበራቸው። መሬቱን ለዓመታት ይዘጉት ነበር። ማንም አያጭድም፣ ማንም አያሰማራም ነበር። ሣሩ ሲደርስ ይከፈትና ሁሉም ለቤቱ ክዳን፣ ለገመዱ ያጭድ ነበር። ጋሽዬ ይህንን ሲነግሩን ድምፃቸው ከፍ አለ። "የአያቴ አያት የጠበቀው ነው" አሉን። እባካችሁ እዚያ ስትሄዱ ፌስታል ጥላችሁ አትምጡ። እባካችሁ። ውሻም ይዛችሁ አትሂዱ። ከቀይ ቀበሮ ትልልቅ ጠላቶች አንዱ ከውሻ የሚይዘው የእብድ ውሻ በሽታ ነው።

ከዚያ ወዲያ ዳገት ወጣን። በዚህ ላይ አጭር ነገር ልበል። ዳገቱ ግርጌ ስንደርስ ቀና ብዬ አይቼ፣ "ይህንንማ አልችለውም" አልኩ። ጓደኛዬ መጥታ ከጎኔ ቆመች። ቦርሳዬን ከፍታ የውሃ ኮዳዬን ወደራሷ ወሰደች። "ያን ያህል አይደለም እኮ" አለች። እንደገና አየሁት። እውነትም ያን ያህል አልነበረም።

ማበረታቻ ብቻ ይመስላችኋል? እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ አንድ ጥናት አለ። ሰዎችን ዳገት ግርጌ አቁመው፣ ምን ያህል ቀጥ ያለ እንደሆነ እንዲገምቱ ጠየቋቸው። ከጓደኛ ጋር የቆሙት ብቻቸውን ከቆሙት ይልቅ ዳገቱን ዝቅ አድርገው ገመቱት። ጓደኝነቱ የቆየ ከሆነ ደግሞ ይበልጥ ዝቅ ይላል። ጓደኛን በሐሳብ ማምጣት እንኳ ለውጥ ነበረው። በአንድ ጥናት ሁሉ ነገር አይረጋገጥም፤ ተማሪዎቼንም እንዲህ ነው የማስተምራቸው። ግን ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ? ተረቱ ስለ ትከሻ ይናገራል። ጥናቱ ዓይንም ሸክም እንደሚቀልለው ይናገራል። ሠላሳ አንድ ዓመት ከጎኔ ቆማ ነበር፤ ለእኔማ ዳገቱ ዝቅ ብሎ ነው የታየኝ።

የመጨረሻው የጨረቃዋ ነው። ቡናው እየተቆላ ነው፤ ሽታው መጥቷል። አላቆያችሁም።

ጓደኛዬ በኅዳር መጨረሻ ተመልሳ ሄደች። በታኅሣሥ አንድ ምሽት አዲስ ጨረቃ ወጣች፤ ቀጭን፣ የሦስት ቀን። በስልኬ ፎቶ አንስቼ ላክሁላት። ጠዋት ስነሳ የእሷ ፎቶ ደርሷል። በስምንት ሰዓት ነው የምንለያየው። እኔ ተኝቼ ሳለሁ እሷ ጋ ገና መምሸቱ ነበር። "የእኔን ጨረቃ እያት፤ ያንቺ ምን ሆና ነው?" ብላ ጽፋለች።

ሁለቱን ፎቶዎች ጎን ለጎን አደረግኋቸው። የእኔ ጨረቃ ተጋድማለች። እንደ ጀበና ማቶት፣ እንደ ጣና ታንኳ ሆና፣ አፏን ወደ ላይ ከፍታ። የእሷ ግን ዘንበል ብላለች። ጀርባዋን ወደ ታችና ወደ ቀኝ ሰጥታ፣ ለመቆም እንደምትነሳ ሆናለች። አንዲት ጨረቃ ናት። ያውም በአንድ ቀን። ለምን?

እስኪ አብረን እናድርገው። ሁላችሁም ወደ ምዕራብ፣ ወደዚያ መስኮት ዙሩ። እጃችሁን እንደ ጎድጓዳ ሳህን አድርጋችሁ ከፊታችሁ ያዙ። የእኛ ጨረቃ ናት። እኛ ለምድር ወገብ ቅርብ ነን፤ 9 ዲግሪ ላይ ነን። ፀሐይ ቀጥ ብላ ነው የምትጠልቅብን። ስለዚህ ከጨረቃ በታች ሆና ሆዷን ታበራላታለች። አሁን እጃችሁን ሳታንቀሳቅሱ አንገታችሁን ወደ ቀኝ ዘንበል አድርጉ። በደንብ! አያችሁ? ሳህኑ ለዓይናችሁ ቀና አለ። ዋሽንግተን 39 ዲግሪ ላይ ናት። ሠላሳ ዲግሪ ልዩነት አለን። ምድር ድቡልቡል ስለሆነች ጓደኛዬ ቀጥ ብላ ስትቆም ከእኔ አንጻር ሠላሳ ዲግሪ ዘንበል ብላለች። እኔም ከእሷ አንጻር እንደዚያው። እንደ ወሩ ትንሽ ይለያያል እንጂ ነገሩ ይኸው ነው። ዘንበል ያልነው እኛ ነን፤ ጨረቃዋ እንዳለች ናት።

ይህንን ደውዬ ነገርኳት። ወጥ ቤት ቆማ ነበር። ስልኩን አስቀምጣ አንገቷን ዘንበል ስታደርግ በካሜራው አየኋት። "ያንቺን አየሁት!" አለች።

ዛሬም ጨረቃ የሦስት ቀን ናት። ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ከዚህ በር ፊት ለፊት፣ ከባሕር ዛፎቹ በላይ ትታያለች። ፎቶ አንስቼ እልክላታለሁ። ከእኔ ጋር መቆም የሚፈልግ ቡናውን ጠጥቶ ይውጣ።